የሚሳቀው ከማን ጋር ነው፣ በማን ላይ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ዛሬ የማወራሽ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። «ምነው፣ ሌላ ርዕስ ጠፍቶ?» እንዳትዪኝ። በስደት ሀገር ልጅ የምታሳድጊ ከሆነ ይህ ኮሜዲ ቤትሽ ገብቷል። አንቺ ባትከፍቺውም ልጆችሽ በስልካቸው ቁርጥራጩን አይተውታል፤ ትምህርት ቤት ውስጥም ቀልዱን ሰምተውታል። እኔ በምኖርበት ላስ ቬጋስ፣ በማውቃቸው የሐበሻ ቤቶች፣ አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጠን ቤተሰብ እንደ «ዘ ቢግ ባንግ ቲዮሪ» የሚከፋፍል ፕሮግራም አላየሁም። አንዱ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ሌላው ተነስቶ ወደ ክፍሉ ይገባል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ብዙ አስቤበታለሁ። ነገሩ ከቴሌቪዥን አልፎ የልጆቻችንን ስምና ክብር ስለሚነካ የደረስኩበትን ላካፍልሽ።

ላላየሽው ባጭሩ ላስተዋውቅሽ። ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2007 እስከ ግንቦት 2019 ድረስ በ12 ምዕራፍ፣ በ279 ክፍል ያሳየው ኮሜዲ ነው። የመጨረሻውን ክፍል አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 18 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል። ታሪኩ ፓሳዲና ከተማ፣ ካልቴክ በተባለው ዝነኛ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ አራት ወዳጆችን ይከተላል። ሼልደን፣ ሌናርድ፣ ራጅ እና ሃዋርድ ይባላሉ። በትምህርት የረቀቁ፣ በሰው መሀል ግን የሚደናበሩ ናቸው። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ሰው «ነርድ» ይሉታል። ከፊት ለፊታቸው ደግሞ ፔኒ የምትባል አስተናጋጅ ትኖራለች።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልሽ። ፕሮግራሙ የብልግና ቀልድ የበዛበት ነው፤ መጠጡም አይጠፋም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሃዋርድ ሴቶችን የሚያስቸግርበት መንገድ ሐያእ ላላት ሴት ቀርቶ ለማንም የሚያስቅ አይደለም። ስለዚህ «እዪው» እያልኩሽ አይደለም። ፈትዋም አልሰጥም፤ እሱ የዑለማዎች ሥራ ነው። እኔ የማወራሽ ቀድሞውኑ ቤት ስለገባው፣ ልጆቻችንም ስለሚያውቁት ነገር ነው።

በእኛ ቤት ሦስት ወገን አለ። የመጀመሪያው ባለቤቴ ነው። ታክሲ ነድቶ ሲገባ እንግሊዝኛውን ለማሻሻል ብሎ ያየዋል። ተመልካቹ በሳቅ ሲፈነዳ እሱ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ይዞርና «ምኑ ነው የሚያስቀው? ልጁ እኮ ትክክል ነው የተናገረው!» ይለኛል። ሁለተኛው የ13 ዓመቱ ልጄ ነው። ቁጥር ይወዳል፤ የአውቶቡስ መስመሮችን በቃሉ ያውቃል፤ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት ይከብደዋል። እሱ ፕሮግራሙን ይወደዋል። ሦስተኛዋ የ16 ዓመቷ እህቱ ናት። የመግቢያው ዘፈን ሲጀምር ተነስታ ትሄዳለች።

የባለቤቴን ግራ መጋባት አትናቂው፤ ከሀገሩ ይዞት የመጣው ነው። እኛ ዘንድም እንዲህ ያለውን ልጅ «ቀለሜ» ይሉታል፤ ሲብስም «ሸምዳጅ»። ግን «ቀለሜ» ሲባል ግማሹ ፉገራ፣ ግማሹ ቅናት ነው። ፈተና ሲደርስ ሁሉም አጠገቡ ለመቀመጥ ይሻማል። ማትሪክ ላይ ጥሩ ያመጣ ልጅ እናት ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል። እንዲህ ካለ ሰፈር ለመጣ አባት፣ ሰው ስለተማረ የሚሳቅበት ቀልድ ቁልፉ የጠፋበት ሳጥን ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ስፖርተኛውና ተጫዋቹ ልጅ ከላይ፣ መጽሐፍ ያቀፈው ከታች የሚቀመጥበት የቆየ የትምህርት ቤት ደረጃ አለ። ፕሮግራሙ የተሠራው በዚያ ላይ ነው። አስቂኙ ነገር፣ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ሲኢኤስ የተባለው ታላቅ የቴክኖሎጂ ትርኢት ከተማችን ላይ ሲካሄድ፣ መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ነርዶች ላስ ቬጋስን ያጥለቀልቋታል። ያኔ ሆቴሉም ታክሲውም «ጌታዬ» እያለ ይቀበላቸዋል እንጂ ማንም አይስቅባቸውም። ሳቁ የሚመጣው ሰውየው ገና ልጅ፣ ገና ብቸኛ ሳለ ነው።

አሁን ፕሮግራሙን ወደሚወዱት እንሂድ፤ እውነት አላቸውና። ከሁለቱ ፈጣሪዎች አንዱ ቢል ፕራዲ ወደ ቴሌቪዥን ከመግባቱ በፊት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር፤ ገጸ ባሕሪያቱንም የቀዳው ያኔ አብረውት ከሠሩት ሰዎች ነው። በሰሌዳው ላይ የሚታየው ሒሳብ የይስሙላ አይደለም። ዴቪድ ሳልትዝበርግ የተባሉ የዩሲኤልኤ የፊዚክስ ፕሮፌሰር እየመረመሩ ያስተካክሉት ነበር። የነርቭ ሳይንቲስቷን ኤሚን ሆና የተጫወተችው ማዪም ቢያሊክ በእውነተኛው ሕይወቷም በዚያው ዘርፍ የዶክትሬት ዲግሪ አላት። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የፕሮግራሙ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በዩሲኤልኤ ሳይንስና ሒሳብ ለሚማሩ፣ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ አቋቁመዋል። እንዲህ ያለውን ሰው በወንጀል ፊልም ጥግ ላይ፣ ኮምፒውተር ፊት ብቻ ማየት ለለመደ ተመልካች፣ የታሪኩ ባለቤት ሆኖ ማየት ትልቅ ነገር ነበር።

የሚጠሉትም እውነት አላቸው። ፕሮግራሙ በአብዛኛው የተቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ በተቀመጠ ተመልካች ፊት ነው፤ የምትሰሚው ሳቅ የእነዚያ ሰዎች ነው። ሰዎች ሳቁን ቆርጠው ያወጡበትን ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ታገኛለሽ። ሳቁ ሲወጣ የሚቀረውን አስተውዪ። አንዱ ይናገራል፤ ከዚያ ሁሉም ዝም ብለው ይቆማሉ፤ የተናገረውን ሰው ያዩታል። ብዙ ጊዜ የተናገረው ቀልድ አልነበረም። የፊዚክስ ቃል ነው፣ የሚወደው መጽሐፍ ስም ነው፣ «ፈራሁ» የሚል ነው። የሳቀው ተመልካች በሰውየው ማንነት ነበር የሳቀው። ሴት ልጄ የምትሰማው ይህንን ነው።

እኛ ስደተኞች ደግሞ ሌላም የምንሰማው አለ። ራጅ ከሕንድ የመጣ ነው፤ ተዋናዩ ኩናል ናያርም ያደገው ኒው ደልሂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች ራጅ ከቤተሰቡ ውጭ ካለች ሴት ጋር ለመናገር መጠጣት ነበረበት። ዓይነ አፋርነቱ ጉድለት ተደርጎ ቀረበ፤ መድኃኒቱም አልኮል ሆነ። ልጅሽ ዓይኑን ሰበር እንዲያደርግ ስታስተምሪው ለኖርሽ ላንቺ ይህ ምን እንደሚመስል አልነግርሽም። አነጋገሩም ራሱ ያስቃል። በእንግሊዝኛሽ ተሳቆብሽ የምታውቂ ከሆነ ያ ሳቅ ከየት እንደሚነሳ ታውቂዋለሽ። ፔኒም አለች። ኮሌጅ አልጨረሰችም፣ ምግብ ታቀርባለች፣ በዶክተሮች መሀል «ምን ማለት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። በዚህ ከተማ ሆቴል ክፍል የምታነጥፍ፣ ምግብ ቤት የምታስተናግድ እህቴ ከነርዶቹ ይልቅ በፔኒ ውስጥ ራሷን ብታይ አልገረምም። ስለዚህ ሳቁ በነርዱ ብቻ አያበቃም፤ በያንዳንዱ ክፍል ሶፋው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ተራው ይደርሰዋል።

ሃይማኖትም ተራው ይደርሰዋል። የሼልደን እናት ሜሪ በእምነቷ የጠናች የቴክሳስ ክርስቲያን ናት። ስለ ጸሎት በተናገረች ቁጥር ይሳቃል። ታዲያ ሼልደን ሲበላሽበት፣ ሊቃውንቱ ሁሉ ሲያቅታቸው፣ የሚጠሯት እሷን ነው። መጥታ ምግብ ትሠራለች፤ ትቆጣዋለች፤ ታስተኛዋለች። ያ ሁሉ ፊዚክስ ያላወቀውን እናቱ ታውቀዋለች። ጸሐፊዎቹ ሳቁን ከሷ ላይ ቢወስዱም ክብሯን ሙሉ በሙሉ አልወሰዱባትም። ፕሮግራሙ ላይ ተመልካች የሚለያየውም ለዚህ ይመስለኛል። ያው አንድ ትዕይንት ሁለቱንም ይዟል፤ ማፌዝም አለበት፣ ፍቅርም አለበት። አንቺ የትኛውን እንደምትሰሚ የሚወስነው ሕይወት የት እንዳስቀመጠሽ ነው። ተመልካቹ መሀል ተቀምጠሽ ከሆነ ቀልድ ትሰሚያለሽ። ሲሳቅብሽ ኖረሽ ከሆነ ድንጋይ ሲወረወር ትሰሚያለሽ።

ከሁሉም የሚከብደው የኦቲዝም ነገር ነው። የፕሮግራሙ ጸሐፊዎች ለሼልደን የሕክምና ስም አልሰጡትም። ነገር ግን በየዓለሙ ያሉ ብዙ ወላጆች ልጃቸውን አይተውበታል። አንዳንዶቹ «በመጨረሻ ልጄን የሚመስል ሰው ታየ» ብለው ተደሰቱ፤ ሌሎቹ «ልጄ መሳቂያ ሆነ» ብለው አዘኑ። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ በጓዳ ተደብቆ ኖሯል። አዲስ አበባ ውስጥ በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። የኦቲዝም ልጅ እናት የሆኑት ወይዘሮ ዘሚ አሜሪካ ኖረው ከተመለሱ በኋላ ኒያ ፋውንዴሽንን እና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ እነዚህ ልጆች ከተደበቁበት ጓዳ ወጥተው እንዲማሩ ደክመዋል። ልጅን ከመደበቅ አውጥቶ ወንበር መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከሳቸው መማር ይቻላል።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። ትምህርት ቤት «ሼልደን» ብለው መጥራት ጀመሩ። እህቱ እያለቀሰች ነገረችኝ። «እሱ ሙገሳ መስሎት ፈገግ ይላል፤ እነሱ እኮ እየቀለዱበት ነው፤ አይገባውም» አለችኝ። ማታ አጠገቡ ተቀምጬ ጠየቅሁት። ያለኝን እስካሁን አልረሳውም። «እማዬ፣ እንደሚያሾፉ አውቃለሁ። ግን ሼልደን ጓደኞች አሉት። በየማታው አብረውት ይበላሉ። አስቸጋሪ ቢሆንም ቦታውን ይተውለታል» አለኝ። ሱብሃነላህ! እኛ በአዋቂነቱ የኮራ መስሎን ነበር። ልጁ ያየው ግን እራቱን ነው። ሶፋው ላይ ማንም የማይቀመጥበትን የራሱን ቦታ ነው። እህቱ ሳቁን ሰማች፤ እሱ ወንበሩን አየ። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ፕሮግራም ነው።

ያ ስም በዚያው አልቀረም። ቅዳሜ ልጆቹ ቁርኣን ሲቀሩ እናቶች ሻይ ይዘን እንቀመጣለን። እነሱም ሰምተው «ሼልደናችን መጣ!» ማለት ጀመሩ። በፍቅር ነበር፤ ክፋት አልነበረባቸውም። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። «እህቶቼ፣ ለዐቂቃው በግ ታርዶ የወጣለት ስም አለው፤ በሱ ጥሩልኝ» አልኳቸው። አንዷ ደንገጥ አለች፤ ሌላዋ «አንቺ ደግሞ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለች።

እኛ ግን ስለ ቀልድ የተነገረን ነገር አለ። ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ምዕመናን አንዱ በሌላው እንዳይሳለቅ ያዛል፤ የሚሳለቁበት ሰው ከሚሳለቀው በላጭ ሊሆን እንደሚችልም ያስጠነቅቃል። ልብ ካልሽው በዚያ አንቀጽ ሴቶች ለብቻቸው ተጠቅሰዋል። እዚያው ላይ በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራት ተከልክሏል። ይህ የሻይ ጠረጴዛችንን ጭምር የሚመለከት ነው።

የዐብደላህ ኢብን መስዑድን (ረ.ዐ) ታሪክ ታውቂዋለሽ። መካ ላይ ቁርኣንን በይፋ ካነበቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ ትልቅ ዐሊም። ሰውነቱ ግን ቀጭን ነበር። አንድ ቀን የመፋቂያ ዛፍ ላይ ሳለ ነፋስ ልብሱን ገለጠውና ሰዎቹ በቅልጥሞቹ ቅጥነት ሳቁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለምን እንደሳቁ ጠየቁ። ሲነገራቸውም እነዚያ ቀጫጭን እግሮች የቂያማ ቀን በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ በአላህ ምለው ተናገሩ። የኢማም አሕመድ ሙስነድ ላይ የተዘገበ ነው። አዋቂ፣ ቀጭን፣ የሚሳቅበት ሰው! ሳቁ እዚያው ተቆረጠ፤ ሚዛኑም ተቀየረ።

ይህ ማለት ግን ዲናችን መሳቅ ይጠላል ማለት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፤ እውነት ብቻ እየተናገሩ። ዛሂር የሚባል የገጠር ሰው ነበር፤ መልከ መልካም አልነበረም። ገበያ ላይ ዕቃውን ሲሸጥ ከኋላው መጥተው አቀፉትና ይህን ባሪያ የሚገዛ እንዳለ እየቀለዱ ጠየቁ። ዛሂር ለኔ ማንም ዋጋ አይሰጥም አላቸው። እሳቸውም አላህ ዘንድ ዋጋው ውድ እንደሆነ ነገሩት። ቀልዱ ሲያልቅ ዛሂር ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ቆሟል። ከሰው ጋር መሳቅ ይህ ነው። ቀልዱ ሲያልቅ ሰውየው ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን በሱ ላይ ነው የተሳቀው።

በዚህ መለኪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ጀመርን። ሳቅ ሲሰማ እናቆመውና «አሁን ከሱ ጋር ነው ወይስ በሱ ላይ?» ብለን እንጠያየቃለን። ልጄ የልጁ ነገር፣ ደብተሩ ላይ ሠንጠረዥ ሠራለት፤ «ከሱ ጋር» አንድ ዓምድ፣ «በሱ ላይ» ሁለተኛ ዓምድ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ሦስተኛ ዓምድ ጨመረበት፤ «አላውቅም» የሚል። ከሁሉም ቶሎ የሞላው እሱ ነው። አሁን እህቱ ተነስታ መሄድ ትታ አጠገቡ ተቀምጣ ትከራከረዋለች። ባለቤቴም ምኑ እንደሚያስቅ ገባው፤ ከገባው ወዲህ ግን ብዙም አይስቅም።

ስለ ቤተሰብም አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ብዙ የቀድሞ ተመልካቾች በኋለኞቹ ምዕራፎች ፕሮግራሙ ሳይንሱን ትቶ የትዳር ሆነ ብለው ያማርራሉ። ሌናርድና ፔኒ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጋቡት እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ በችኮላ፣ ያለ ወላጅ ነው። ከዚያ እናትየዋ በመቅረቷ ስለተቀየመች በቀጣዩ ዓመት ቤተሰብ በተገኘበት እንደገና ተሞሸሩ። ያለ ወሊይ ኒካሕ የማታስር እህቴ ይህን ስታይ ፈገግ ትላለች። ከተማችን የጋብቻ ፈቃድ እስከ እኩለ ሌሊት ትሰጣለች፤ ቤተሰብን ግን ማንም በመስኮት አይሰጥም።

ልጆችሽ ነርድ ማለት እንደ ሼልደን ያለ ፈረንጅ ወንድ ብቻ እንዳይመስላቸው፣ ስለ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌም ንገሪያቸው። አዲስ አበባ የተወለደች፣ የግዕዙ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናት። በደርግ ዘመን አባቷ በጥይት ከቆሰሉ በኋላ ቤተሰቡ ተሰዶ አሜሪካ ገባ። እሷም በነዳጅ ሴል ምርምር ስሟ የተጠራ ሳይንቲስት ሆነች። ኮሜዲው በየሳምንቱ ካልቴክን በቀልድ ሲያሳየን፣ ሀበሻዋ ስደተኛ በእውነተኛው ካልቴክ ፕሮፌሰር ሆና ታስተምር ነበር። ከ1996 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. እዚያው ሠርታለች። ልጄ ይህን ሲሰማ ወዲያው ያደረገው ዓመቱን መቁጠር ነበር፤ «ስምንት ዓመት ተገጣጥመዋል!» አለኝ።

እህቴ፣ ፕሮግራሙን ብትከፍቺውም ብትዘጊውም ምርጫው ያንቺ ነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። በመስጂድሽ፣ በሰፈርሽ፣ ቅዳሜ በሻይ ሰዓት፣ ዝምተኛ ወይም ለየት ያለ ልጅ ካለ በስሙ ጥሪው። ልጆችሽ አጠገቡ እንዲቀመጡ አድርጊ። ልጄ ከቴሌቪዥን የፈለገው አብሮት እራት የሚበላ ሰው ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኛ ማግኘት ነበረበት።

አላህ ምላሳችንን ከመሳለቅ፣ ልጆቻችንንም ከብቸኝነት ይጠብቅልን። እርስ በርስ የምንከባበር ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።